የታደሰ ሞተር እምነት ከየት መጣ?

የጭነት መኪና ሞተር ዘይት መብላት፣ ሰማያዊ ጭስ መትፋትና ዳገት ላይ መልገም ሲጀምር ባለንብረቱ ሦስት መንገድ አለው፤ አዲስ ሞተር ይገዛል፣ ያለውን አውርዶ ጋራዥ ያሳድሳል፣ ወይም በፋብሪካ ታድሶ የመጣ ሞተር ያስገጥማል። የሦስተኛው ነገር ሲነሳ አንዱ ቀለም የተቀባ አሮጌ ብረት ነው ይላል፣ ሌላው ከአዲሱ በምንም አይተናነስም ብሎ ይምላል። ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ ብረቱ ዕድሜ ነው። የሙያው ታሪክ ግን የሚነግረን ሌላ ነው። የታደሰ ሞተር የሚታመን ዕቃ መሆን የቻለው ሥራው ከባለሙያው መዳፍ ወደ መለኪያ ሲሸጋገርና ሞተሩ ቢነክስ ኪሳራውን የሚሸከመው አዳሹ ራሱ ሲሆን ነው። ከሁለቱ ደግሞ የሚበልጠው ሁለተኛው ይመስለኛል።

በመኪና የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት ሞተር ማደስ የለየለት የእጅ ጥበብ ነበር። ክራንክ ሻፍቱ የሚሽከረከረው ባቢት በሚባል፣ በአብዛኛው ከቆርቆሮ፣ ከአንቲሞኒና ከመዳብ በሚሠራ ለስላሳ ቅይጥ ላይ ነው። ሠራተኛው ቅይጡን አቅልጦ በብሎኩና በቢዬላው መቀመጫ ላይ ያፈሰዋል፤ ሲረጋ ይቦረቡረዋል፤ ክራንክ ሻፍቱን ቀለም ቀብቶ ያሽከረክርና ቀለም ያረፈበትን ጉብታ በመፋቂያ ይፍቃል፤ እንደገና ይቀባል፣ እንደገና ይፍቃል። በሙያው የተካነ ሰው እጅ ከገባ ውጤቱ ድንቅ ነበር። ቅይጡ ሲፈስ ሙቀቱ ትንሽ ከጎደለው ወይም የተፈሰሰበት ብረት በደንብ ካልጸዳ ግን ባቢቱ ከሥሩ ይላቀቅና ጭነት ሲበዛበት ይፈረካከሳል። ገዢው ሁለት ሞተሮች ቢያይ የትኛው የጎበዙ፣ የትኛው የሰነፉ ሥራ እንደሆነ የሚለይበት መንገድ አልነበረውም። የዚያ ዘመን ጥርጣሬ ስለዚህ ከንቱ አልነበረም፤ ዛሬም ድረስ የሚሰማው "አሮጌ ያው አሮጌ ነው" የሚል አነጋገር ሥር ያለው እዚያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነገሩ መልኩን መቀየር ጀመረ። በፋብሪካ ልክ ተሠርቶ የሚመጣ ስስ ብሮንዚና የሚፈሰውን ባቢት ቀስ በቀስ ተካው። ከዚያ ወዲህ ክራንክ ሻፍቱ ሲበላ ሬቲፊካ (መሞረጃ ማሽን ቤት) ተወስዶ በተወሰነ እርከን ይሞረዳል፣ ለምሳሌ 0.25 ወይም 0.50 ሚሊሜትር፤ ለዚያ እርከን ወፈር ተደርጎ የተዘጋጀው ብሮንዚና ደግሞ ከመደርደሪያ ይነሳል። በከባድ ዲዝል ሞተሮችም የሚወጣና የሚገባ ካሚቻ (የሲሊንደር ሽፋን) እየተለመደ ሲሄድ ሲሊንደሩ በተበላ ቁጥር ብሎኩን መቦርቦር ቀረ። በዚያው አሥርት ዓመት፣ በ1934፣ አሜሪካ ውስጥ ማግናፍሉክስ የተባለው ኩባንያ ተቋቋመ። ዘዴው ቀላል ነው፤ ብረቱ ማግኔት እንዲሆን ይደረጋል፣ ደቃቅ የብረት ዱቄት ይነሰነስበታል፣ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ካለ ዱቄቱ መስመሩን ተከትሎ ይሰበሰባል። የክራንክ ሻፍት ስብራት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከእንዲህ ያለ ስንጥቅ ነውና ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። ከዚህ በኋላ "ይህ ብረት ጤነኛ ነው" ማለት ከግምት ወደ ምርመራ ተሻገረ።

መለኪያው ከተገኘ በኋላ የቀረው ሥርዓቱ ነበር፤ እሱም በስፋት የተዘረጋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ብረትና ገንዘብ ባጠራት አውሮፓ ቮልክስዋገን በ1947 የታደሱ ዕቃዎችን በአሮጌ መለወጥ ጀመረ፤ ሬኖ በ1949 ፓሪስ አጠገብ በምትገኘው ሹዋዚ ለ ሯ ለዚሁ ሥራ ፋብሪካ አቆመ። በአሜሪካ ካተርፒለር የራሱን የዲዝል ሞተር ማደሻ በ1973 ከፈተ። አሠራሩ በሁሉም ዘንድ ይመሳሰላል። ደንበኛው አሮጌውን ሞተር ያስረክባል፣ እስኪያስረክብም መያዣ ገንዘብ ይከፍላል፤ ሞተሩ እስከ መጨረሻው ብሎን ይፈታል፣ ይታጠባል፣ እያንዳንዱ ክፍል ይለካል፤ ልኩን ያላሟላ ይጣላል፤ የተረፈው ከአዲስ ፋሻ፣ ብሮንዚና፣ ጓርኒሲዮንና ካሚቻ ጋር ይገጠምና መፈተሻ ላይ ጭነት ተደርጎበት ይነሳል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ባለንብረቱ የሚቀበለው የራሱን ሞተር አይደለም። ብሎኩ ከአንዱ፣ ቴስታታው ከሌላው፣ ክራንክ ሻፍቱ ከሦስተኛው መኪና ሊመጣ ይችላል። የማያውቀውን ብረት ገንዘብ ከፍሎ እንዲወስድ ለማድረግ ፋብሪካው የጽሑፍ ዋስትና ከመስጠት ሌላ ምርጫ አልነበረውም፤ ዋስትና ከሰጠ ደግሞ በስንፍና ያለፈው እያንዳንዱ ልክ ከራሱ ኪስ ይወጣል። ጥራቱን ያመጣው ይህ ፍርሃት ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ ሙያው በስፋት የገባው ከጣሊያን መኪኖች ጋር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 በነበሩት የወረራ ዓመታት ፊያት 634 እና ላንቻ ሮ ጭነት ይዘው አዲሶቹን መንገዶች ሞሉ። የመጀመሪያው ላንቻ ሮ በዩንከርስ ፈቃድ የተሠራ፣ ሁለት ሲሊንደርና አራት ፒስተን ያለው እንግዳ ሞተር ነበረው፤ መፍታቱ ራሱ ፈተና ሳይሆን አልቀረም። ከነጻነት በኋላ አገር ውስጥ የቀሩ ጣሊያን መካኒኮች ጋራዥ ከፈቱ፣ ኢትዮጵያውያን ልጆችም ከሥራቸው ሆነው ሙያውን ቀሰሙ። በ1952 መመረት የጀመረው ፊያት 682 ደግሞ ለዘመናት የአገሪቱን ጭነት ተሸከመ። ከአሰብ የባሕር ጠረፍ ተነስቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ወደሚገኘው ደጋ የሚወጣ፣ በስስ አየር የሚተነፍስ ሞተር ቶሎ ይደክም ነበር፤ መለዋወጫ የሚገዛበት የውጭ ምንዛሪ ደግሞ ብዙ ጊዜ አልነበረም። ስለዚህ የእኛ ባለሙያዎች ሌላ ቦታ የሚጣለውን ክፍል አዳኑ፣ የጠፋውን በቶርኖ ቀረጹ። የዚህን ችሎታ ዋጋ የሚያሳንስ ሰው ሙያውን አያውቀውም።

ታዲያ ችሎታው እያለ በጋራዥ የታደሰ ሞተር ላይ እምነት ለምን ሳሳ? መልሱ ሥራው በተከፋፈለበት መንገድ ውስጥ ይመስለኛል። አንዱ ሞተሩን ያወርዳል፣ ሌላው ሬቲፊካ ይሞርዳል፣ ሦስተኛው ፖምፓና ኖዝል ያስተካክላል፣ ዕቃውን የሚገዛው ባለንብረቱ ራሱ ነው። ሞተሩ በሁለተኛው ወር ሲነክስ መካኒኩ ብሮንዚናውን፣ የዕቃው ሻጭ ሬቲፊካውን፣ ሬቲፊካው ሾፌሩን ይከሳል። ሁሉም ሥራውን በትክክል ሠርቶ ሊሆን ይችላል፤ ስለ ሞተሩ በሙሉ የሚጠየቅ ሰው ግን የለም።

እርግጥ ተቃውሞ አለ። አንዳንዶች በተደጋጋሚ የሞቀና የቀዘቀዘ ብሎክ ቀልጦ ሲፈስና ሲረጋ የያዘውን ውጥረት ስለሚለቅ ከአዲሱ ይሻላል ይላሉ። ነገሩ መሠረት አለው፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ከመጠን በላይ የጋለ ብሎክ የክራንክ ሻፍቱ መቀመጫዎች ከመስመር ሊወጡበት ይችላሉ፤ የትኛው እንደሆነ የሚናገረው መለኪያ ብቻ ነው። የልምድ ዓይን ይበቃል ለሚሉም የክራንክ ሻፍት ጉዳይ መልስ ይሰጣል። በናይትሮጅን የጠነከረ ክራንክ ሻፍት ጠንካራ ቆዳው ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ነው። ሬቲፊካው ይህን ቆዳ ገፎት እንደገና ካላጠነከረው መስታወት መስሎ ያበራል፣ ግን ቶሎ ይበላል። ይህን የትኛውም ዓይን አያየውም።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ባሕር ማዶ የተጻፈ ዋስትና ወኪል በሌለበት አገር ላም አለኝ በሰማይ ነው የሚለው። ትክክል ነው። ታድሷል ተብሎ የመጣ፣ ማን እንዳደሰው የማይታወቅ ሞተር ከጎበዝ ጋራዥ ሥራ ይበልጣል የሚያሰኝ ምንም ምክንያት የለም፤ ኪሳራውን የሚሸከም ወገን ስለሌለ እምነቱን ያመጣው ነገር አብሮት አልመጣም። አንድ ጋራዥ ልኩን መዝግቦ፣ የዕቃውንም የሬቲፊካውንም ኃላፊነት ራሱ ወስዶ ቢያስረክብ በእኔ ግምት ከእንዲህ ያለው ሞተር ይመረጣል።

ዋስትናውም ቢሆን ሁሉን አይሸፍንም። ብዙ ሞተር ከታደሰ በኋላ የሚሞተው በማደሱ ጉድለት ሳይሆን የፊተኛውን በገደለው በሽታ ነው፤ በተደፈነ ራዲያተር፣ አቧራ በሚያሳልፍ የአየር ቱቦ፣ በሚያፈስ ኖዝል። አዳሾች ሞተሩ ሲለወጥ የዘይት ማቀዝቀዣውም እንዲለወጥ የሚያሳስቡት ለዚህ ነው። ከነከሰው ሞተር የተላጠው የብረት ብናኝ በማቀዝቀዣው ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ይቀራል፣ አጥቦ ማውጣቱም አስቸጋሪ ነው፤ አዲሱ ሞተር በተነሳ ጊዜ የመጀመሪያው ዘይት ይዞት ወደ አዲሶቹ ብሮንዚናዎች ሊገባ ይችላል።