የወላይታ ኮምጣጣ አፈርና የኖራ ታሪክ

ሰብልን የሚጎዳ መርዛማ ብረታ ብረት ሲነሣ የብዙዎች አሳብ ወደ ፋብሪካ ይሄዳል። በወላይታ ደጋና ወይና ደጋ ግን መርዙ በመሬቱ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም በሸክላማ አፈር ውስጥ በብዛት ይገኛል፤ ታስሮ እስካለ ድረስም ጉዳት የለውም። የዝናብ ውሃ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አጥቦ የአፈሩ ፒ.ኤች. ከ5.5 በታች ሲወርድ ግን ይሟሟል፤ የሥሩን ጫፍ ያቀጭጫል፤ ፎስፎረሱንም ይዞ ከሰብሉ ይነፍጋል።

የወላይታ ገበሬ የኬሚስትሪ ትምህርት ከመምጣቱ አስቀድሞ የመሬቱን ልዩነት ያውቅ ነበር። በቤቱ ዙሪያ ያለውን፣ እንሰት የሚተከልበትን መሬት ዳርኮዋ፣ ራቅ ያለውን እርሻ ሾቃ ይለዋል። ፍግና የምድጃ አመድ የሚደርሰው ለዳርኮዋ ነው። አመድ የካልሲየምና የፖታሲየም ካርቦኔት ስላለው ኮምጣጣነትን ያበርዳል። ሾቃው ግን ከዚህ በረከት ርቆ ቆይቷል።

በሌላውም ዓለም ልምድ ከሳይንስ ቀድሟል። ሮማዊው ፕሊኒ የጎልና የብሪታንያ ሰዎች ኖራማ አፈር በእርሻቸው ላይ እንደሚበትኑ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1832 አሜሪካዊው ኤድመንድ ረፊን ኖራማ ማዳበሪያን የሚመለከት መጽሐፍ አሳተመ። የአሉሚኒየም ጎጂነት በሙከራ የታየው ግን ከዚያ ዘግይቶ ነው፤ ሃርትዌልና ፔምበር በገብስና በራይ (rye) ላይ ያደረጉትን ጥናት በ1918 አወጡ።

በ1970 በሶዶ የተቋቋመው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት (ዋዱ) የተሻሻለ ዘር፣ የፋብሪካ ማዳበሪያና ብድር ለገበሬው አቀረበ። ምርትም ተሻሻለ። ይሁን እንጂ ማዳበሪያ ሰብልን ይመግባል እንጂ ኮምጣጣነትን አያስወግድም፤ ዩሪያና ዳፕ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን በአፈር ውስጥ ሲለወጥ እንዲያውም አሲድ ይጨምራል። የሕዝቡ ቁጥር እየበዛ፣ ግጦሽና ከብት እየቀነሰ ሲሄድ ፍጉም አነሰ።

የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ከአፈሩ ጋር ሲደባለቅ ካርቦኔቱ አሲዱን ያረክሳል፤ አሉሚኒየሙም ወደማይሟሟ ሃይድሮክሳይድ ይለወጣል። መርዙ ከመሬቱ አይወጣም፤ እንደገና ይታሰራል። ዝናቡና እርሻው ስለሚቀጥሉ ሥራው ከዓመታት በኋላ መደገም አለበት። ለአንድ ሄክታር ብዙ ኩንታል ስለሚያስፈልግም የማጓጓዣው ወጪ ለአነስተኛ ባለይዞታ ከባድ ነው።

ስለዚህ ዕቅድ አውጪው ኖራን ከማዳበሪያው ጋር አብሮ እንጂ ከእርሱ በኋላ ሊያስብ አይገባውም። መምህሩም የዳርኮዋንና የሾቃን አፈር አምጥቶ ፒ.ኤች.ውን በተማሪዎቹ ፊት ቢለካ፣ የወላጆቻቸው ዕውቀትና የኬሚስትሪው ትምህርት አንድ መሆናቸውን በቀላሉ ያስረዳል።