የጂቡቲ ወደብ፦ ጥልቅ ውሃ፣ ሰፊ በርና አንድ ደንበኛ

የጂቡቲ ወደብ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ከባብ ኤል መንደብ መተላለፊያ አጠገብ የሚገኝ የጂቡቲ ከተማ ወደብ ነው። ከኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በዚህ በር ያልፋል። ብዙዎች የወደቡን ስኬት ለአቀማመጡ ብቻ ይሰጡታል። ይሁንና የኤርትራው አሰብም የሶማሌላንዱ በርበራም ከዚያው የባሕር መንገድ ብዙ አይርቁም። እንዲያውም ኢትዮጵያና ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1998 እስኪዋጉ ድረስ የኢትዮጵያ ዋና ወደብ አሰብ ነበር።

ጦርነቱ ለጂቡቲ ያላሰበችውን ገበያ አመጣላት። በአንድ ጀምበር የመጣን ደንበኛ ለአሥርተ ዓመታት ማቆየት ግን ሌላ ሥራ ነው፤ የወደቡ ታሪክም ከዚህ ላይ ይጀምራል።

ከተማው መሐል ያለው አሮጌ ወደብ ይህን ሁሉ ጭነት የሚችል አልነበረም። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2000 የወደቡን አስተዳደር ለዱባይ ኩባንያ ሰጠ፤ በ2006 ደግሞ በከተማው ዳር በዶራሌ የኮንቴይነር ተርሚናል ሠርቶ እንዲያስተዳድር ለዱባዩ ዲፒ ወርልድ የ30 ዓመት ውል ሰጠ። በ2009 የተመረቀው ተርሚናል ጥልቀቱ 18 ሜትር ነው። ጥልቀት በወደብ ሥራ ገንዘብ ነው። ግዙፍ መርከብ በሌላ ወደብ ጭነቱን ወደ ትንሽ መርከብ ሳያዛውር በቀጥታ ሲጠጋ፣ የእያንዳንዱ ኮንቴይነር ማጓጓዣ ይቀንሳል፤ አስመጪውም ቀናት ይቆጥባል።

ከዚያ በኋላ ግንባታው አልቆመም። የቻይናው ቻይና መርቻንትስ እ.ኤ.አ. በ2013 ከወደቡ ኩባንያ 23.5 በመቶ ድርሻ ገዛ። በ2017 ወደ 590 ሚሊዮን ዶላር የፈጀው የዶራሌ ሁለገብ ወደብ ሥራ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት የታጁራና የጉበት ወደቦችም ተመረቁ። በ2018 የዓለም አቀፍ ነፃ የንግድ ቀጣና የመጀመሪያ ምዕራፍ ተከፈተ፤ ሙሉ ዕቅዱ 4,800 ሄክታር ነው። የወደቦችና የነፃ ቀጣናዎች ባለሥልጣን ሊቀመንበር አቡበከር ዑመር ሃዲ ለዓመታት የመሩት ይህን ሰንሰለት ነው። የጂቡቲ ፍራንክ እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ ከአሜሪካ ዶላር ጋር በቋሚ ምንዛሪ መታሰሩም ተጨማሪ ስበት ሆኗል፤ በምንዛሪ ለውጥ የተቸገረ ነጋዴ የዚህን ዋጋ ያውቀዋል።

ክሬኑን የሚያንቀሳቅሰው ግን ሰው ነው። የተርሚናል ቅልጥፍና የሚለካው በሰዓት ስንት ኮንቴይነር እንደተነሣ ነው። ኦፕሬተሩ ከዘገየ መርከቡ ይቆማል፤ ዲሙሬጁ (የመርከብ መዘግየት ክፍያው) ይቆጠራል፤ ዕዳውም ዞሮ ዞሮ አዲስ አበባ ሱቅ ውስጥ ባለው ዕቃ ላይ ይጨመራል። የሰውን ወሳኝነት በባቡሩም ማየት ይቻላል። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን የአዲስ አበባ–ጂቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር በመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት ያንቀሳቀሱት የቻይና ኩባንያዎች ነበሩ። በ2024 ሥራው ለኢትዮጵያውያንና ለጂቡቲያውያን ባለሙያዎች ተላለፈ። የባቡሩ እውነተኛ ሀብት ከሐዲዱ ይልቅ ይህ የተሸጋገረ ሙያ ነው። በከተማው ዳር፣ ፒኬ 12 በሚባለው የከባድ መኪና ሰፈር ደግሞ አማርኛ እንግዳ ቋንቋ አይደለም፤ የአንድ ወደብ ባህል ከደንበኛው ጋር በሚግባባበት አንደበትም ይገለጻል።

የብልጫው ስስ ጎን በሁለት በኩል ታይቷል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2018 መንግሥት የዲፒ ወርልድን ውል አቋርጦ ተርሚናሉን ተረከበ። የለንደን የግልግል ፍርድ ቤት ውሉ እንደጸና ነው ብሎ ወሰነ፤ በ2019ም ጂቡቲ 385 ሚሊዮን ዶላርና ወለድ እንድትከፍል በየነ። ጂቡቲ ሉዓላዊነቴን አስከበርሁ ትላለች። ለረጅም ጊዜ ገንዘቡን ለሚያፈስ ባለሀብት ግን የውል መጽናት ከ18 ሜትሩ ጥልቀት የማያንስ መሠረት ነው፤ ከዚህ አንጻር እርምጃው ወደቡን ያስከፈለው ዋጋ ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው ስጋት ደንበኛው አንድ መሆኑ ነው። ዲፒ ወርልድ በርበራን ይዟል። ኢትዮጵያም በጥር 2024 መጀመሪያ ከሶማሌላንድ ጋር የባሕር በር የመግባቢያ ሰነድ ፈረመች። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ማብቂያ የጂቡቲ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ማሕሙድ ዓሊ ዩሱፍ፣ ከኢትዮጵያ ድንበር 100 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀውን የታጁራን ወደብ ኢትዮጵያ ሙሉ በሙሉ እንድታስተዳድረው ሐሳብ ማቅረባቸውን ገለጹ።