ጄት ላግ

ጄት ላግ በርካታ የሰዓት ቀጠናዎችን በአውሮፕላን ያቋረጠ ሰው ላይ የሚደርስ ጊዜያዊ የሰውነት ሰዓት መዛባት ነው። ሰውነት በተነሣበት አገር ሰዓት መሥራቱን ይቀጥላል፤ ፀሐዩ፣ ገበታውና የሰው ውሎ ደግሞ በተደረሰበት አገር ሰዓት ይሄዳል። ቀን እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል፣ ሌሊት ዓይን ይፈጣል፣ ሐሳብ ይበታተናል፣ ሆድ ይታወካል። በባሕር ማዶ የሚያሳልፉት ዕረፍት የመጀመሪያ ቀን እንዲያ የሚያዝለው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

ከተራ የጉዞ ድካም ግን ይለያል። የጉዞ ድካም ከእንቅልፍ ማጣት፣ ለረጅም ሰዓት ከመቀመጥ፣ ከደረቅ አየርና ከሻንጣ ግርግር የሚመጣ ሲሆን፣ አንድ ሌሊት በደንብ ከተኙ ይለቃል። ከጅዳ ወይም ከሪያድ ሌሊቱን በርሮ አዲስ አበባ የገባ ሰው የቱንም ያህል ቢዝል ጄት ላግ የለበትም፤ የሳዑዲ ዓረቢያና የኢትዮጵያ ሰዓት አንድ ነውና። ዱባይ በ1 ሰዓት ትቀድማለች። ፍራንክፈርት እንደ ወቅቱ በ1 ወይም በ2 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ችግሩ የሚጀምረው ልዩነቱ ከዚህ ሲሰፋ ነው።

የሰውነት ዋና ሰዓት የሚገኘው በአንጎል ውስጥ፣ ሃይፖታላመስ በተባለው ክፍል ሲሆን፣ 20 ሺህ ገደማ የነርቭ ሴሎች ስብስብ ነው። በራሱ ቢተው አንድ ዙሩን የሚጨርሰው በአማካይ ከ24 ሰዓት በጥቂት ደቂቃዎች ዘግይቶ ነው። በየቀኑ የሚያስተካክለው በዓይን የሚገባው ብርሃን ነው። ወደ ማዘግየት የሚያደላ በመሆኑም ቀኑን በሚያስረዝመው የምዕራብ ጉዞ ብዙም አይቸገርም፤ ቀኑን በሚያሳጥረው የምሥራቅ ጉዞ ግን ይንገዳገዳል። ይህ ሰዓት በሴል ውስጥ በምን ዘዴ እንደሚሠራ በፍራፍሬ ዝንብ ላይ ያጠኑት ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ እ.ኤ.አ. በ2017 በሕክምና ዘርፍ የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

በመርከብ ዘመን ይህ ችግር አይታወቅም ነበር፤ አትላንቲክን የሚያቋርጥ መርከብ በቀን ከአንድ ሰዓት የበለጠ ልዩነት ስለማይፈጥር ሰውነት እግረ መንገዱን ይለምደዋል። ቀድመው የተቸገሩት አብራሪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1931 ከሃሮልድ ጋቲ ጋር ዓለምን በ8 ቀን ከግማሽ ያህል የዞረው አሜሪካዊው ዋይሊ ፖስት፣ ከበረራው በፊት በተወሰነ ሰዓት የመተኛት ልማዱን ለማፍረስ ራሱን አለማምዷል። ተራው መንገደኛ የቀመሰው ግን ፓን አሜሪካን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1958 ከኒው ዮርክ ወደ ፓሪስ በቦይንግ 707 ማብረር ከጀመረ ወዲህ ነው።

ለአማርኛ አንባቢ ጉዳዩን አጉልቶ የሚያሳየው ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የሚደረገው ቀጥታ በረራ ነው። ጉዞው 13 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የሰዓት ልዩነቱ አሜሪካኖች ሰዓታቸውን ወደፊት በሚገፉባቸው ወራት 7፣ በቀሩት 8 ነው። 7ቱን ወስደን በአገራችን አቆጣጠር እናስላው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ቦሌ የደረሰ መንገደኛ፣ ሰውነቱ ገና ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ነው። (የእጅ ሰዓቱን ሳይነካ ቢተወው 1፡00 ስለሚያሳየው ከአገር ቤቱ ሰዓት የሚለየው በአንድ ብቻ ነው፤ የተሳሳተው ሰውየው እንጂ ሰዓቱ አይደለም ያሰኛል።)

«እንደ ደረስክ ፀሐይ ሙቅ» የሚለው የተለመደ ምክር እዚህ ላይ አይሠራም። የሰውነት ሙቀት በጣም የሚወርደው ከለመዱት የመንቂያ ሰዓት 2 ወይም 3 ሰዓት ቀደም ብሎ ነው። ከዚያ በፊት የሚገባ ብርሃን የሰውነትን ሰዓት ያዘገያል፤ ከዚያ በኋላ የሚገባው ያስቀድመዋል። ዋሽንግተን ከጠዋቱ 1 ሰዓት መነሣት ለለመደ ሰው ይህ ነጥብ በአዲስ አበባ ከረፋዱ 5 እስከ 6 ሰዓት ላይ ይውላል። ስለዚህ እስከ እኩለ ቀን በፀሐይ መነጽር ወይም በጥላ መቆየት፣ ከ7 ሰዓት በኋላ ደግሞ ወጥቶ በእግር መንሸራሸር ይሻላል። ክረምት ቢሆንም ግድ የለም፤ ከደመና በታች ያለው የውጭ ብርሃን ከቤት መብራት በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ማታ ድካሙ ራሱ ያስተኛል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ግን መንገደኛው ድንገት ይነቃል፣ ይርበዋልም። በዋሽንግተን ከምሽቱ 1 ሰዓት ስለሆነ ለሰውነቱ የራት ሰዓት ነው፤ ሰው ከመተኛቱ በፊት ያሉት የምሽት ሰዓታት ደግሞ ንቃት የሚበረታባቸው ናቸው።

በዚህ ላይ ከፍታው ይጨመራል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች። እንደ ቦይንግ 787 ባሉ አዳዲስ አውሮፕላኖች የውስጡ የአየር ግፊት በ1,800 ሜትር ከፍታ ካለው ጋር እንዲመጣጠን ስለሚደረግ፣ አውሮፕላኑ ወደ ቦሌ ሲወርድ ተሳፋሪው በአየር ግፊት ረገድ ሽቅብ ይወጣል። ከዝቅተኛ ቦታ የመጣ ሰው በመጀመሪያው ቀን ትንፋሽ ቢያጥረው ወይም ራሱን ቢያመው አያስደንቅም። እንጦጦን ለሌላ ቀን ማቆየት ነው።

ሆድና ጉበትም የምግብ ሰዓትን የሚከተል የራሳቸው ሰዓት አላቸው፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት የቀረበ ዶሮ ወጥ ለእንግዳው ሆድ ከሌሊቱ 9 ሰዓት የመጣ ድግስ ነው። ቡና በጠዋት ያግዛል። ካፌይን በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ 5 ሰዓት ያህል ስለሚወስድበት ግን አመሻሽ ላይ ከአቦል እስከ በረካ መጠጣት የመጀመሪያውን ሌሊት ያበላሻል። የቀን እንቅልፍ ከግማሽ ሰዓት ባይበልጥ ይመረጣል። ጨለማ ሲሆን በሰውነት የሚመነጨው የሜላቶኒን ሆርሞን በክኒን መልክም ይገኛል፤ በደረሱበት አገር የመኝታ ሰዓት ሲወሰድ እንደሚረዳ በጥናት ታይቷል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱና የሚጥል በሽታ ያለባቸው ግን ሐኪም ሳያማክሩ መውሰድ የለባቸውም።

ወደ ምሥራቅ የተጓዘ ሰው ለእያንዳንዱ የሰዓት ልዩነት አንድ ቀን ገደማ ስለሚያስፈልገው፣ ከዋሽንግተን የመጣው ሙሉ በሙሉ የሚስተካከለው ከሳምንት በኋላ ነው። ከመነሣቱ በፊት ለ3 ቀን ያህል በየቀኑ አንድ አንድ ሰዓት ቀድሞ መተኛትና መነሣት ከጀመረ ጊዜው ያጥራል። በደረሰበት ቀን መኪና መንዳት የለበትም፤ ለሠርግ ወይም ውል ለመፈረም የሚመጣም ጥቂት ቀናት ቀድሞ ይግባ። ተቀባይ ቤተሰብም ዋናውን ግብዣ ለማግስቱ ከሰዓት በኋላ ቢያደርገው ለእንግዳው ይበጀዋል።