የታላቅ ስምና የታናሽ ስም

ስም ለሰው ከልብስ አስቀድሞ የሚሰጥ፣ ሥጋ ከመሬት ከገባም በኋላ በላይ የሚቀር ሀብት ነው። አበው «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ብለዋል። ነገር ግን መልአክ አወጣው የሚባለውን ስም በአፋቸው የሚጠሩት አባትና እናት፣ አያትና ዘመድ ስለ ሆኑ፣ በስም አወጣጥ ማስተዋል ያስፈልጋል። የበኵር ልጅ ስም ሲወጣ ብራናው ባዶ ነው፤ ወላጆቹ የወደዱትን ይጽፉበታል። ታናሹ በተወለደ ጊዜ ግን አንድ መስመር አስቀድሞ ተጽፎ ይገኛል። ሁለተኛው መስመር ለፊተኛው እንዲስማማለት ይፈለጋል። የቅኔ ተማሪ በጉባኤ ቃና የመጀመሪያውን ቤት ከዘረፈ በኋላ ሁለተኛው እንደሚያስጨንቀው፣ ወላጆችም እንዲሁ ይጨነቃሉ። ሁለተኛው ቤት ከፊተኛው ጋራ ቤት መምታት አለበት፤ ነገር ግን የራሱ ምሥጢር ከሌለው ቅኔ አይባልም።

ይህ ጭንቀት ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በኦሪት ዘፍጥረት እንደ ተነገረው፣ አቤል ከሞተ በኋላ ሔዋን የወለደችው ልጅ ሴት ተባለ፤ ስሙም በሟቹ ወንድሙ ፈንታ የተተካ መሆኑን የሚያመለክት ነው። እንግዲህ በአማርኛ ምትኩ፣ ተካ፣ ተካልኝ እየተባለ የሚወጣው ስም ሁሉ ሥሩ እስከዚያ ድረስ ይሄዳል። ያዕቆብም መንታ ወንድሙን ዔሳውን ተከትሎ ሲወለድ ተረከዙን ይዞ ስለ ወጣ፣ ስሙ ከዚያው ከወንድሙ ተረከዝ ተቀዳ። ዔሳው በገዛ መልኩ ሲሰየም ያዕቆብ በወንድሙ ተረከዝ ተሰየመ፤ ያለ ታላቁም ስሙ አይተረጐምም ነበር። በኋላ ግን እግዚአብሔር እስራኤል ብሎ ሌላ ስም ሰጠው፤ ያም ስም ከዔሳው ጋራ ምንም ዝምድና የለውም።

ዮሴፍ በግብፅ ሳለ ለሁለት ልጆቹ ያወጣው ስም ደግሞ የሚያስደንቅ ነው። ታላቁን ምናሴ አለው፤ ድካሙንና ያባቱን ቤት ናፍቆት እግዚአብሔር አስረሳኝ ሲል ነው። ታናሹን ኤፍሬም አለው፤ በመከራው አገር እግዚአብሔር አፈራኝ ሲል ነው። እነዚህ ሁለት ስሞች ተያይዘው አንድ ዓረፍተ ነገር ይሆናሉ፤ አንደኛው ያለፈውን ይዘጋል፣ ሁለተኛው የሚመጣውን ይከፍታል። ኢትዮጵያውያንም ዕብራይስጥ ሳይማሩ ይህንኑ ስም በቋንቋቸው አግኝተውታል፤ ማስረሻ የሚባል ሰው ሁሉ በምሥጢር ምናሴ ነውና።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነውም የሚያስተምረውም የራሔል ልጆች ስም ነው። ራሔል ከብዙ መካንነት በኋላ የበኵር ልጇን ስትወልድ ዮሴፍ ብላ ሰየመችው፤ ትርጓሜውም እግዚአብሔር ሌላ ልጅ ይጨምርልኝ ማለት ነው። ስለዚህ የታላቁ ስም ገና ያልተወለደውን ታናሽ የሚለምን ጸሎት ነበረ። ጸሎቱም ተሰማ፤ ነገር ግን ሁለተኛው ልጅ በኤፍራታ መንገድ ሲወለድ እናቱ በምጥ ሞተች። ነፍሷ ሳትወጣ ልጁን የጭንቄ ልጅ ስትል ቤንኦኒ አለችው። ያዕቆብ ግን ስሙን ለውጦ ብንያም፣ የቀኝ እጅ ልጅ አለው። ሚስቱን እጅግ የሚወድ ሰው የመጨረሻ ቃሏን መለወጡ ከፍቅር ማነስ አልነበረም፤ ሕፃኑ በተጠራ ቍጥር የእናቱን ሞት ተሸክሞ እንዳይኖር ብሎ ነው። ኀዘኑን ግን አልደበቀም፤ በመቃብሯ ላይ ሐውልት አቆመ። ኀዘን በሐውልት ላይ እንዲጻፍ፣ በልጅ ላይ ግን እንዳይጻፍ የመጀመሪያውን ሥርዐት ያሳየ እርሱ ነው ማለት ይቻላል።

በኢትዮጵያ ታሪክ የወንድማማች ስም ሲነሣ አስቀድሞ የሚታሰበው የአብርሃና የአጽብሐ ስም ነው። ሁለቱም ግሦች ናቸው፤ በርሀ ከሚለው አብርሀ፣ አበራ ማለት ነው፤ ጸብሐ ከሚለው አጽብሐ፣ አነጋ ማለት ነው። በፊደል ሁለቱም በ«አ» ይነሣሉ፣ በምሥጢር ሁለቱም ከብርሃን ይገናኛሉ፤ ነገር ግን መብራት ማብራትና ሌሊትን ማንጋት አንድ ሥራ አይደለም። የመጀመሪያው ጳጳስ አባ ሰላማም ከሣቴ ብርሃን ስለሚባሉ ሦስቱ ስሞች በአንድ ቤት ይውላሉ። የነገሥታቱ መታሰቢያ ጥቅምት 4 ቀን ይከበራል፤ በትግራይ ውቅሮ አጠገብ ያለው ከዓለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያንም በሁለቱ ስም ባንድነት ይጠራል። አንዱን ጠርቶ ሁለተኛውን መተው ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ጐደሎ ነው።

የአክሱም ድንጋይ የሚናገረው ስም ሌላ ነው። በ4ኛው ምዕት ዓመት ንጉሥ ዒዛና በግእዝ፣ በሳባ ፊደልና በጽርእ ያስጻፈው ጽሑፍ፣ በቤጃ ሕዝብ ላይ ወንድሞቹን ለዘመቻ እንደ ላከ ይናገራል። በዚሁ ምዕት ዓመት አጋማሽ የሮሙ ንጉሥ ቈስጠንጢዮስ ስለ ፍሬምናጦስ የጻፈው ደብዳቤ ለዒዛናና ለሳይዛና ለሁለቱም ተጽፏል፤ ደብዳቤውንም ቅዱስ አትናቴዎስ በመጽሐፉ ጠብቆታል። ዒዛናና ሳይዛናም ቤት የሚመቱ ስሞች መሆናቸውን አንባቢ ያስተውላል። አብርሃና አጽብሐ የእነዚሁ የሁለቱ ስም ነው ብለው የሚጽፉ ብዙዎች ናቸው። ሌሎች ሊቃውንት ደግሞ በ6ኛው ምዕት ዓመት የነበረው ንጉሥ ካሌብ እለ አጽብሐ መባሉን፣ በዚያው ዘመን በየመን የነገሠውም አብርሃ መባሉን አይተው፣ ጥንዱ ስም ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል ይላሉ።

ይሁን እንጂ በድንጋዩ ላይ ያለ አንድ ነገር ብዙ ሰው ሳያስተውለው ያልፋል። ዒዛና ለዘመቻ የላካቸው ወንድሞች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሳይዛና፣ ሁለተኛው ሐደፋ ይባላል። ሐደፋ እንደ ወንድሙ ዘምቷል፣ ስሙም በሦስት ዓይነት ጽሕፈት ተቀርጿል። የሮሙ ንጉሥ ደብዳቤ ግን ስሙን አይጠራም፤ በሕዝብ አፍም አልቀረም፤ በዓልም ቤተ ክርስቲያንም አልተሰየመለትም። ይህ የሆነበት ዋናው ምክንያት የመንግሥት ሥልጣን እንጂ ስም ብቻ ነው ማለት አይገባም። ነገር ግን የሰው ጆሮ ጥንድ ሲያገኝ ሦስተኛውን እንደሚረሳ ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ አይገኝም። ሁለት ልጆቻቸውን በተገጣጠመ ስም የጠሩ ወላጆች ሦስተኛ ልጅ በተወለደላቸው ጊዜ ሐደፋን ሊያስቡ ይገባል።

የታናሽ ስም ከታላቁ ስም እጅግ ሲልቅ የሚመጣው ፈተና ደግሞ በቅዱስ ላሊበላ ገድል ይታያል። ሕፃኑ ሲወለድ ንቦች እንደ ከበቡትና እናቱም ንብ ጌትነቱን አወቀ ስትል ላሊበላ እንዳለችው ገድሉ ይተርካል። በዙፋን የነበረው ታላቅ ወንድሙ ሐርቤ ይህን ስምና ትንቢቱን በሰማ ጊዜ ሥጋት ገባው፤ ከዚያም ቅናት፣ ከቅናትም መርዝ እስከ ማጠጣት የደረሰ ጥል መጣ። በመጨረሻ እግዚአብሔር አስታረቃቸው፣ ሐርቤም ዙፋኑን ለወንድሙ ለቀቀ። የዛሬ ቤተ ሰብ ዙፋን የሚካፈል ባይሆንም፣ ታላቁን ተራ ስም ሰጥቶ ታናሹን በለጠ ወይም ይበልጣል ብሎ መሰየም በአንድ ማዕድ ለሚቀመጡ ልጆች መልካም አይደለም። በለጠ የተባለው ልጅ ማንን እንደ በለጠ መጀመሪያ የሚጠይቀው ታላቁ ነውና።

በቅርቡ ዘመን ደግሞ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤት የሴቶች ልጆቻቸው ስም ይጠቀሳል። ሮማነ ወርቅ፣ ተናኘ ወርቅ፣ ዘነበ ወርቅ ተብለው ሦስቱ በወርቅ ይጨርሳሉ፤ የፊተኛው ቃል ግን በየራሱ ነው። ታናሻቸው ከወርቁ ወጥታ ፀሐይ ተባለች። ወርቅና ፀሐይ በድምፅ ባይገናኙም በብርሃን ይገናኛሉ፤ ስለዚህ ታናሺቱ ከእኅቶቿ ሳትለይ የራሷን ስም አገኘች። ልዕልት ፀሐይ በእንግሊዝ አገር የሕሙማን ማስታመም ሙያ ተምረው በ1934 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ በአዲስ አበባ ሆስፒታል በስማቸው ተሠራ። የዘነበ ወርቅ ስምም በሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል ላይ ስለ ወጣ እስከ ዛሬ የሠፈር ስም ሆኖ ቀርቷል። ወርቅ ዘነበ ማለት ለድኾች መጠጊያ ሲሆን ከዚህ የተሻለ ትርጓሜ አይኖረውም።

ወደ ሕዝቡ ልማድ ስንመለከት፣ ከሞተ ልጅ በኋላ የተወለደውን ካሳ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ ማለት የተለመደ ነው። ወላጆችን ለመንቀፍ የሚቸኵል ሰው ቢኖር የባዶ አልጋን ጭንቀት ያላየ ነው። ስሙ ምስጋናም ነው፤ የወሰደው እግዚአብሔር መለሰ ማለት ነውና። ሁለት ነገሥታትም በልጅነታቸው ካሳ ይባሉ ነበር፤ በ1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ተብሎ የነገሠው ካሳ ኃይሉና በ1864 ዓ.ም. ዮሐንስ ተብሎ የነገሠው ካሳ ምርጫ ናቸው። ስሙ ከታላቅ ሥራ አላገዳቸውም። ነገር ግን ምትኩ የተባለ ሕፃን ሲያድግ ባላየው ወንድም ልክ እየተለካ እንዳይኖር መጠንቀቅ የወላጅ ዕዳ ነው። ሴትም የአቤል ምትክ ተብሎ ቢጠራ፣ የሄኖስና የኖኅ አባት የሆነው በአቤል ፈንታ ሳይሆን በራሱ ሴት ሆኖ ነው።

ከስም ቀጥሎ የቍልምጫ ነገር አለ። ብዙ ወላጆች ዋናውን ስም ይመዝናሉ እንጂ ቤተ ሰብ በየቀኑ የሚጠራው አጭሩን መሆኑን ይዘነጋሉ። ታላቁ ሙሉጌታ፣ ታናሹ ሙሉነህ ቢባል በወረቀት ያምራል፤ በቤት ግን ሁለቱም ሙሌ ይሆኑና እናት አንዱን ስትጠራ ሁለቱ «አቤት» ይላሉ። ገብረ ማርያምና ገብረ ሥላሴም በቍልምጫ ሁለቱም ገብሬ ናቸው። ስለዚህ ሁለት ስሞች እንዲገጣጠሙ ከተፈለገ በመጨረሻቸው ቢገጣጠሙ ይሻላል፤ አማርኛ ሲያቈላምጥ ብዙ ጊዜ የሚይዘው የስሙን መጀመሪያ ነውና። ቤት መምቻውም በመጨረሻ መሆኑ ከቅኔ ሕግ ጋራ ይስማማል። በፀሐይና በብርሃኑ እንደሚሆነው ደግሞ በምሥጢር ብቻ ቢገናኙ ቍልምጫው ምንም አይደባለቅም።

የጥንት መኳንንትም ከስማቸው ሌላ የፈረስ ስም ነበራቸው። ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ ይባሉ ነበር። ይህ ስም እንደ ቤት ቍልምጫ በሕፃንነት የሚወጣ ሳይሆን በጐልማሳነት የሚገኝ ስለ ሆነ ከወንድም ስም ጋራ አይነጻጸርም ነበር። ስሙ ከባለቤቱ በኋላ ሲኖርም ታይቷል፤ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የዘመተው ጦር ቃኘው የተባለው በዚሁ በራስ መኰንን የፈረስ ስም ነው።

በቤት ውስጥ ደግሞ ታናሽ ታላቁን በስሙ ብቻ አይጠራም፤ ጋሼ፣ እትዬ፣ ወንድም ዓለም፣ እታለም ይላል። ጋሼ ማለት ጋሻዬ ማለት ነው። ስለዚህ ወላጆች ስሞቹን ምንም ቢያገጣጥሙ፣ ልጆቹ ራሳቸው በመካከላቸው ሌላ መጠሪያ ያበጃሉ፤ ያም መጠሪያ ከሁሉ ይልቅ ያስተሳስራቸዋል።

ቤተ ክርስቲያንም ለዚህ ጭንቀት መድኃኒት ያዘጋጀች ይመስላል። ወንድ በ40 ቀን፣ ሴት በ80 ቀን ሲጠመቁ የክርስትና ስም ይወጣላቸዋል፤ ካህኑም ብዙ ጊዜ የዕለቱን ቅዱስ ይመለከታል እንጂ የወንድምን ስም አይመለከትም። በ12 የተጠመቀ ለሚካኤል፣ በ21 የተጠመቀች ለማርያም ትሰጣለች። ምትኩ በቤቱ ምትኩ ቢባልም በቅዳሴና በጸሎተ ፍትሐት የሚነሣው በዚያ ስሙ ነው፤ በዚያም ማንንም አይተካም። የዓለም ስም ልጅን ከወንድሙ ጋራ ያስራል፣ የክርስትና ስም በአምላኩ ፊት ብቻውን ያቆመዋል፤ ሁለቱም ያስፈልጉታል።

እንግዲህ ታናሹን የሚሰይም ሰው ሁለቱን ስሞች በአንድ ትንፋሽ ጠርቶ ይስማ፤ ከዚያም የታናሹን ብቻውን ጠርቶ ይስማ። አንድ ላይ ሲጠሩ የሚስማሙ፣ ለየብቻም ሲጠሩ ምንም የማይጐድላቸው ከሆኑ ስሙ ወጥቷል። ታናሹ ለብቻው ሲጠራ የሌላ ሰው ጥላ ብቻ የሚታይበት ከሆነ ግን፣ ያዕቆብ በራሔል አልጋ አጠገብ እንዳደረገው፣ ጊዜ ሳያልፍ መለወጥ ይገባል።