ፍርሃቱ ከየት መጣ? የጡት ምርመራ ታሪክ



ይህን ትምህርት በሬዲዮ የሰማችሁ አሁን ደግሞ በጽሑፍ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ዛሬ የምናነበው ታሪክ ነው። ግን የነገሥታት ታሪክ አይደለም፤ የጦርነትም አይደለም። የጡት ምርመራና የፍርሃት ታሪክ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አክስቴ አንድ ቀን ገላቸውን ሲታጠቡ ጡታቸው ላይ ሽምብራ የምታህል ጠጣር ነገር ነኩ። ለማንም አልተናገሩም። ቡና እያፈሉ፣ ገበያ እየወጡ፣ በነጠላቸው ሸፍነው ስምንት ወር ሙሉ ቆዩ። በመጨረሻ ሲነግሩኝ፣ «እትዬ፣ የጡት ራጁን ማሽን ፈርተው ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ኧረ ማሽኑ ምን ያደርገኛል ልጄ! እኔ የምፈራው የሚነግረኝን ነው» አሉኝ።

አስተማሪ ነኝና ነገሩን ከሥሩ ለማወቅ መጻሕፍት አገላበጥኩ። ይህ ፍርሃት የአክስቴ ብቻ አይደለም። ረጅም ታሪክ አለው።

ከ1811 እንጀምር። ፋኒ በርኒ የምትባል እንግሊዛዊት ደራሲ ፓሪስ ከተማ ትኖር ነበር። ጡቷን ታመመች። ሐኪሞቹም መቆረጥ አለበት አሉ። በዚያን ጊዜ ማደንዘዣ የሚባል ነገር አልነበረም! የሰጧት ወይን ጠጅ ያለበት መጠጥ ብቻ ነው። ጥቁር የለበሱ ሰባት ወንዶች ወደ ቤቷ ገቡ። ፊቷን በመሀረብ ሸፈኑላት። መሀረቡ ግን ስስ ስለነበረ የቢላዋው ብልጭታ ይታያት ነበር። ይህን ሁሉ በኋላ ለእህቷ በደብዳቤ ጻፈችላት። ደብዳቤውን ለመጨረስ ወራት ፈጀባት። ነገር ግን ልብ በሉ፦ ፋኒ በርኒ ከዚያ በኋላ 28 ዓመት ኖራለች። በ1840 ስትሞት ዕድሜዋ 87 ነበር።

በ1846 በአሜሪካ፣ ቦስተን ከተማ፣ ማደንዘዣ በቀዶ ሕክምና ላይ በይፋ ታየ። ሕመሙ ቀረ። ቁርጡ ግን ባሰ። ከ1882 ጀምሮ ሐልስቴድ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ጡቱን ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለውን የደረት ጡንቻና የብብቱን ዕጢዎች ጭምር ማውጣት ጀመረ። ሌሎችም ተከተሉት። ነቀርሳው፣ ማለትም ካንሰሩ፣ እንዳይመለስ ብለው ነው። አሠራሩ ለብዙ አሥርት ዓመታት ቆየ።

እኔን ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው። ሴትየዋ ለቀዶ ሕክምና ስትተኛ እብጠቷ ነቀርሳ ይሁን አይሁን ገና አይታወቅም። በማደንዘዣ እንቅልፍ እንዳለች ከእብጠቱ ጥቂት ተቆርጦ ይመረመራል። ነቀርሳ ከሆነ እዚያው ጡቷ ይወጣል። ስትነቃ እጇን ወደ ደረቷ ሰዳ መኖር አለመኖሩን ታውቃለች። እስቲ አስቡት! ታዲያ ሴቶች ቢፈሩ ይፈረድባቸዋል?

አሁን ወደ ራጁ እንምጣ። ራጅ የተገኘው በ1895 በጀርመን አገር ነው። ያገኘውም ሮንትገን ነው። በ1913 ሳሎሞን የሚባል የበርሊን ሐኪም በቀዶ ሕክምና የወጡ 3,000 ያህል ጡቶችን በራጅ መርምሮ ነቀርሳው ምን እንደሚመስል አጠና። የጡት ራጅ፣ በሐኪሞች አጠራር ማሞግራፊ፣ መነሻው ይህ ነው።

ሴቶች የሚያማርሩበት መጫን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ ሌቦርኝ የሚባል የኡራጓይ ሐኪም ጡት በመጠኑ ተጭኖ ሲነሣ ምስሉ እንደሚጠራ አሳየ። ለምን? እናንተ ምስር ስትለቅሙ ምን ታደርጋላችሁ? ሰፌድ ላይ ሳሳ አድርጋችሁ ትዘረጉታላችሁ። እንደተከመረ ከሆነ ጠጠሩ አይታይም። ጡትም እንዲሁ ነው። በሁለት ሰሌዳዎች መካከል ሲሳሳ የተደበቀው ይገለጣል፤ የሚያስፈልገው ጨረርም ያንሳል። በ1960ዎቹ ደግሞ ግሮ የሚባል የስትራስቡርግ ሐኪም ለጡት ብቻ የሚሆን የራጅ ማሽን እንዲሠራ አደረገ። የሚጫነውም ሰሌዳ አብሮት ተሠራ።

በ1963 በኒው ዮርክ 62,000 ያህል ሴቶች በሁለት ተከፍለው ጥናት ተጀመረ። ግማሾቹ ምንም ሳያማቸው ለምርመራ ተጠሩ። ከዓመታት በኋላ ሲታይ በጡት ነቀርሳ የሞቱት ከተጠሩት ወገን ያነሱ ነበሩ።

ይህም ሆኖ ነገሩ በአደባባይ የማይነሣ ነውር ነበር። በመስከረም 1974 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ባለቤት ቤቲ ፎርድ በተለመደ ምርመራ እብጠት ተገኘባት። ጡቷ ወጣ። እሷ ግን አልደበቀችም፤ ዜናው ለሕዝብ ተነገረ። ብዙ ሴቶች ወደ ምርመራ ጎረፉ። ለምክትል ፕሬዚዳንትነት የታጨው የሮክፌለር ባለቤትም በዜናው ምክንያት ራሷን ዳሰሰች፤ እብጠትም አገኘች። ቤቲ ፎርድ እስከ 2011 ኖራ በ93 ዓመቷ ሞተች።

በ1976 ደግሞ ሌላ ፍርሃት ተነሣ። ጨረሩ ራሱ ነቀርሳ ያመጣ ይሆን ተባለ። ይህን ያነሡት ተራ ሰዎች ብቻ አልነበሩም፤ የተማሩ ሐኪሞችም ነበሩበት። ክርክሩ ጠቀመ እንጂ አልጎዳም፤ የጨረሩ መጠን እየተቀነሰ መጣ።

ቢላዋውስ? ሮዝ ኩሽነር የምትባል አሜሪካዊት ጋዜጠኛ ራሷ ታማ፣ «መጀመሪያ ንገሩኝ፤ ከዚያ እኔው ልወስን» ብላ ተሟገተች። በ1979 የአሜሪካ የጤና ተቋማት የጠሯቸው ሊቃውንት ምርመራውና ቀዶ ሕክምናው በተለያየ ጊዜ ይሁን አሉ። በ1985 ፊሸር የሚባል ሐኪም ከ1,800 በላይ ሴቶችን ያጠናበትን ውጤት አወጣ። እብጠቱን ብቻ አውጥቶ በጨረር ማከም፣ በጊዜ ለተደረሰበት ነቀርሳ፣ ጡቱን በሙሉ ከማውጣት ጋር እኩል ዕድሜ ይሰጣል። ሴቶችን ለዘመናት ያስፈራቸው ነገር በጊዜ ለመጣች ሴት ቀለለ ማለት ነው።

በሀገራችን የጡት ነቀርሳ ሴቶችን ከሚይዙት የነቀርሳ ዓይነቶች አንደኛው ነው። ብዙዎች የሚመጡት ዘግይተው ነው። ፍርሃት ብቻ አይደለም ምክንያቱ፤ መንገዱም ሩቅ ነው፣ ገንዘቡም ይቸግራል። የጡት ራጅ ማሽንም በየቦታው የለም። ነገር ግን እብጠት ያገኘች ሴት፣ ወጣትም ብትሆን፣ ማሽን እስክታገኝ መጠበቅ የለባትም። ጤና ጣቢያ ሄዳ ባለሙያ በእጁ እንዲመረምራት ታድርግ።

ራጁን የምትነሡ ደግሞ ይህን ያዙ። የወር አበባ የምታዩ ከሆነ ካለፈ በኋላ ባለው ሳምንት ሂዱ፤ ጡት ያን ጊዜ ብዙ አያምም። የዚያን ቀን ብብታችሁን ሽቶም ዱቄትም አትቀቡ፤ ራጁ ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ያሳስታል። ለእያንዳንዱ ጡት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሁለት ምስል ይነሣል፤ መጫኑም ጥቂት ሴኮንድ ነው። ሲያማችሁ «አመመኝ» በሉ፤ ነውር አይደለም። እህት ወይም ጎረቤት ይዛችሁ ሂዱ። ድገሚ ተብላችሁ ብትጠሩ አትደንግጡ፤ ከሚጠሩት አብዛኞቹ ነቀርሳ የለባቸውም።

አክስቴ እብጠታቸው ነቀርሳ ነበር። ጡታቸው ወጣ፤ መድኃኒትም ወሰዱ። ይህ ከሆነ አራት ዓመት አልፏል። ለቡና ጎረቤት ሲሰበሰብ፣ ስለ ሁለቱ ሰሌዳዎች ሲጠየቁ፣ «እስከ ሃያ ቆጠርኩ፤ አለቀ» ይላሉ። ስለ ስምንቱ ወር ሲጠየቁ ግን ሲኒውን ማጠብ ይጀምራሉ።