ላትና አውራ በግ፦ ከዘር ማሻሻል ታሪክ

ከደሴው ቧንቧ ውሃ ተነሥቶ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም አልፎ ወደ አፋር ቆላ የሚወርድ መንገደኛ የበጎች ጅራት ሲለወጥ ያያል። የደጋው የወሎ በግ ላቱ አጭር ሲሆን፣ የአፋር በግ ስቡ በዳሌው ላይ የተከማቸ ነው። ይህም ልዩነት ለመልክ ብቻ የሚታሰብ አይደለም። ባለ ላት እንስት በግ የምትጸንሰው አውራው ላቷን ገለል አድርጎ መስረር ሲችል ነውና።

የዘር ማሻሻል ሥራ ሲጀመር ግን ትኩረቱ በፀጉርና በክብደት ላይ ነበር። ሜሪኖ እ.ኤ.አ. በ1944 ከኢጣሊያ ገባ። በ1960ዎቹ መጨረሻም በደብረ ብርሃን የበግ ማራቢያ ጣቢያ ተቋቁሞ፣ ኮሪዴልና ሃምፕሻየር ከመንዝ በግ ጋር ተዳቀሉ። እነዚህ ዝርያዎች ጅራታቸው ቀጭን ነው። ከባለ ላት በጎች ጋር ያላደገ እንዲህ ያለ አውራ፣ ፍላጎቱ ሙሉ ሆኖ ሳለ፣ ላቱን መግለጥ ባለማወቁ ደጋግሞ ሰርሮ ያለ ፍሬ ሊወርድ ይችላል፤ ወይ እረኛ ላቱን ይይዝለታል፣ ወይ ከልምድ ይማራል። የአገሩ አውራ ግን ይህን ከጠቦትነቱ ጀምሮ በመንጋው ውስጥ ይለማመዳል። በዚህም ላይ ገበሬው ላት የሌለውን ዲቃላ አልወደደውም። ከዚህም የተነሣ እ.ኤ.አ. በ1980 ባለ ላቱ አዋሲ ከእስራኤል መጣ፤ ዲቃላዎቹም ከጊዜ በኋላ ወደ ደቡብ ወሎ ደጋ ደረሱ። በ2007 ዶርፐር ከደቡብ አፍሪካ ሲገባ የቀጭን ጅራት ጥያቄ እንደገና ተነሣ።

አውራ በግ በሁለት ሚዛን ይመዘናል፦ በመስረር ፍላጎቱና በዘሩ ብቃት። አንዱ ለሌላው ዋስ አይሆንም። የቆለጡ ዙሪያ ልክ የዘሩን ብዛት ይጠቁማል እንጂ ሰነፉን አውራ ትጉ አያደርገውም። የዘር ሕዋስ ተሠርቶ እስኪያልቅ 7 ሳምንት ያህል ስለሚፈጅም፣ ብርቱ ትኩሳት ያገኘው አውራ ከዳነ በኋላ ለሳምንታት ሳያስረግዝ ሊቆይ ይችላል። ከምድር ወገብ ርቀው የዳበሩ ብዙ ዝርያዎች ለመራባት ወቅት ይጠብቃሉ፤ የመንዝ በግ ግን ዓመቱን ሙሉ ይራባል።

እ.ኤ.አ. በ2009 በመንዝ የተጀመረው ኅብረተሰብ አቀፍ የማራቢያ ፕሮግራም አውራውን ከገበሬዎቹ መንጋ መረጠ። አካሄዱ ቀላል ቢመስልም ትምህርቱ ከባድ ነው። ጥቂት በጎች ላሉት ገበሬ አንድ የማይሰርር አውራ ማለት የአንድ ወቅት ግልገል ማጣት ነው። ስለዚህ አውራ ከመታደሉ በፊት ክብደቱ እንደሚመዘን ሁሉ፣ በሚሄድበት አገር እንስቶች ላይ መስረር መቻሉም መታየት ይኖርበታል።