ኤልፍ፦ ድንክም ጋኔንም ያልሆነው

ኤልፍ (ብዙ ቁጥሩ ኤልፎች) በሰሜን አውሮፓ አፈ ታሪክ ሰው መሰል ሆኖ ከሰው የረቀቀ፣ ሲሻው የሚታይ፣ ሲሻው የሚሰወር ፍጡር ነው። በጥንቱ የኖርስ ቋንቋ «አልፍር» ይሉታል። ብዙ የቋንቋ አጥኚዎች ሥሩን «ነጭ» ከሚል ትርጉም ጋር ያዛምዱታል፤ የላቲኑ «አልቡስ»ም ነጭ ማለት ነው። ጀርመኖች ቅዠትን «አልፕትራውም» ሲሉ በቃሉ ውስጥ ያለው «አልፕ» የኤልፍ ዘመድ ነው፤ እንደ ዱካክ የተኛን ሰው ደረት የሚጫን ነው ይሉታል።

ጥንት ኤልፍ ይፈራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1000 ገደማ በተጻፈ የእንግሊዝ የመድኃኒት መጽሐፍ ድንገት ውጋት ለያዘው ሰው የሚደገም ድግምት ይገኛል። ውጋቱ ኤልፎችና ሌሎች ስውር ኃይሎች የወረወሩት ነገር ሊሆን ይችላል ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ዕፀዋት በቅቤ ይፈላሉ፤ ቢላም ይነከርበታል። ያም ሆኖ ኤልፍ ይከበርም ነበር። በ899 የሞተው የንጉሥ አልፍሬድ ስም ትርጉሙ «የኤልፍ ምክር» ነው።

በ13ኛው ክፍለ ዘመን አይስላንዳዊው ስኖሪ ስቱርሉሶን ኤልፎችን ብሩህና ጨለማ ብሎ ለሁለት ከፈላቸው። በሼክስፒር ዘመን ግን አበባ ሥር የሚሸሸጉ ጥቃቅን ፍጡራን ሆኑ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመንም የገና አባት ረዳቶች ሆነው ብቅ አሉ። ቁመታቸውንና ግርማቸውን የመለሰላቸው የኦክስፎርዱ የቋንቋ ምሁር ቶልኪን ነው። በ1954 እና 1955 በታተመው «የቀለበቶቹ ጌታ» ኤልፎች ውብ፣ ጥበበኛና በእርጅና የማይሞቱ ናቸው፤ የራሳቸው ቋንቋም አላቸው። የዛሬ ፊልምና ጌም በአብዛኛው ይህንን ይከተላል።

በአማርኛ ምን እንበለው? «ድንክ» አይሆንም፤ በኖርስ ተረትም በቶልኪንም ድንኮች ሌላ ወገን ስለሆኑ፣ ተርጓሚው እነሱ ሲመጡ ቃል ያጥረዋል። «ጋኔን» ክፋቱን ብቻ ያስቀራል። «ዛር» ሰው ላይ የሚሰፍር ነው፤ «ውቃቢ» ደግሞ ጠባቂ ነው። ስለዚህ «ኤልፍ» ብሎ መተውና በአማርኛ ሰዋስው ማርባት ይሻላል፦ ኤልፉ መጣ፤ ኤልፏ ቀስቷን ወጠረች፤ የኤልፎች አገር። «ድንክዬ» የሚለው ለገና አባት ረዳቶች ብቻ ቢቀመጥ ያስኬዳል።